ሳን አንድሪያስ ላይ ሞድ ለመጫን የቱ መንገድ ይሻላል? ሲበላሽ ከሚያመጣው ጣጣ ተነስቶ መምረጥ

ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ የተባለው ጌም ለኮምፒውተር የወጣው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ከሚጫወቱት ልጆች የብዙዎቹ ታላቅ ነው ማለት ነው። ያም ሆኖ ደሴ ፒያሳ ካለ ጌም ቤት እስከ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ዶርም ድረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ መተላለፉን አላቆመም። ግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ይሸከመዋል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ሞድም (ጌሙን የሚቀይር ተጨማሪ ፋይል) ይቀበላል። ጣጣው የሚጀምረው ከሦስተኛው ነው። አንዲት መኪና ልቀይር ብሎ የተቀመጠ ሰው ጌሙ አልከፍት ብሎት ሲታገል ያመሻል።

ሰው የመጫኛ መንገድ ሲመርጥ "የቱ ይቀላል?" ብሎ ይጠይቃል። መጫን ግን በየትኛውም መንገድ ደቂቃዎች ነው፤ ሰዓት የሚበላው የተበላሸውን ፍለጋ ነው። ስለዚህ ከታች አራቱን መንገዶች የምንመዝነው ሲበላሹ በሚያደርሱት ጉዳት ነው።

በምን እንመዝናቸው?

መጀመሪያ መመለሻውን እናያለን። ሞዱን ስታወጡት ጌሙ እንደነበረው ይሆናል ወይስ እንደ አዲስ መጫን አለበት? ቀጥሎ ጥፋተኛውን መለየት ይመጣል። ሃያ ሞድ ተጭኖ ጌሙ ቢዘጋ ከሃያው የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል? ሦስተኛው መመዘኛ መብራት ነው፤ ፋይል እየተጻፈ ሳለ መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ምንድን ነው? የውጭ አገር መመሪያዎች ይህን አያነሱትም፤ እዚህ ዩፒኤስ (የመጠባበቂያ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ለሚሠራ ሰው ግን ከሁሉም ይቀድማል። አራተኛው የዳታና የዲስክ ወጪ ነው። አምስተኛ የሚሆነው ደካማ ማሽን ላይ የሚያርፈው ጫና ነበር፤ እሱ ግን ከመንገዱ ይልቅ ከሞዱ ክብደት ስለሚመጣ ባጭሩ እናልፈዋለን።

በእጃችሁ ያለው የቱ ሳን አንድሪያስ ነው?

ይህን ሳያጣሩ መንገድ መምረጥ ከንቱ ድካም ነው። በ2021 የወጣው ዴፊኒቲቭ ኤዲሽን በአንሪል ኢንጂን እንደገና የተሠራ ነው፤ የድሮው ጌም ሞዶች አይሠሩበትም። ይህ መመሪያ የድሮውን ብቻ ይመለከታል።

የድሮውም አንድ ዓይነት አይደለም፤ 1.0፣ 1.01፣ 2.0 እና ስቲም በተባለው የኦንላይን ጌም መደብር የተሸጠው 3.0 አሉ። አብዛኛው ሞድ የተጻፈው ለ1.0 ነው። ስክሪፕቶችና ኤኤስአይ የሚባሉት (ከጌሙ ጋር አብረው የሚነሱ የኮድ ፋይሎች የሆኑት) ሞዶች ጌሙን የሚቀይሩት ሜሞሪ ውስጥ ያለን አንድ የተወሰነ አድራሻ እየነኩ ነው። ቅጂው ሲለያይ አድራሻው ይዛነፋል፤ ሞዱ የማይገባውን ቦታ ነክቶ ጌሙን ይዘጋዋል። በስቲም በኩል የተገዛው ደግሞ በኅዳር 2014 እ.ኤ.አ. በመጣ ማሻሻያ የተወሰኑ የሬዲዮ ዘፈኖች ወጥተውበታል፤ ከዚያ በፊት የተቀመጡ ሴቮችንም አይከፍትም።

ለማጣራት የጌሙ ፎልደር ውስጥ ጂቲኤ ኤስኤ የሚለው፣ ጌሙን የሚያስነሳው ኤግዚ ፋይል ላይ ራይት ክሊክ አድርጉና ፕሮፐርቲስን ክፈቱ። "ሳይዝ" የሚለውን አንብቡ፤ ከሥሩ ያለውን "ሳይዝ ኦን ዲስክ" ተዉት። 14,383,616 ባይት ወይም 5,189,632 ባይት ካለ ሞደሮች የሚሠሩበት 1.0 ነው። ሌላ ቁጥር ካያችሁ ቅጂው 1.0 መሆኑን በሌላ መንገድ ሳታረጋግጡ፣ ካልሆነም ወደ 1.0 ሳትመልሱት ስክሪፕት አትጫኑ።

ጌሙ የተቀመጠበትም ቦታ ራሱን የቻለ የችግር ምንጭ ነው። ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከሆነ ዊንዶውስ አንዳንድ ፋይሎችን እዚያ እንዲጻፉ አይፈቅድም፤ በስውር ቨርችዋል ስቶር ወደሚባል ፎልደር ይልካቸዋል። እናንተ ቀየርኩ ትላላችሁ፣ የተቀየረው ግን ሌላ ቦታ ያለ ግልባጭ ነው። ዲ ድራይቭ ላይ አጭር የላቲን ስም ያለው ፎልደር አውጡና እዚያ አዛውሩት። የላቲን ያልነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2005 የተጻፈ ፕሮግራም ዩኒኮድ በደንብ ስለማይረዳ ፎልደሩን "ጌሞች" ብላችሁ በአማርኛ ከሰየማችሁት፣ ወይም የዊንዶውስ ተጠቃሚ ስማችሁ በግዕዝ ፊደል ከሆነ፣ የሴቭ ፎልደሩን ወይም የሞዱን ፋይል ማግኘት ሊያቅተው ይችላል።

አንደኛው መንገድ፦ በእጅ መተካት

መኪኖቹ፣ ሰዎቹና ሕንፃዎቹ ሞዴልስ በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለ ጂቲኤ3 አይኤምጂ በሚባል ትልቅ ፋይል ታጭቀው ይገኛሉ፤ ወደ 900 ሜጋባይት ይጠጋል። እያንዳንዱ መኪና ሁለት ፋይል አለው፤ ዲኤፍኤፍ ቅርጹ ነው፣ ቲኤክስዲ ቀለሙና ሥዕሉ። በአይኤምጂ ኤዲተር ትልቁን ፋይል ትከፍቱና የድሮዎቹን ሁለቱን በአዲሶቹ ትተካላችሁ። አስፈላጊ ከሆነ ዳታ ፎልደር ውስጥ ያለውን የሃንድሊንግ (የመኪና አነዳድ ባሕርይ) ፋይል በኖትፓድ ከፍታችሁ የመኪናዋን መስመር ትቀይራላችሁ።

ባጃጅ ልታስገቡ ነው እንበል። ብዙ ሰው "ሦስት ጎማ አይደል? ለሞተር ይቀርባል" ይልና በፋጂዮ ስኩተር ቦታ ይተካዋል። ጌሙ ግን ፋጂዮን ቬሂክልስ በሚባለው የዳታ ፋይል ውስጥ የመዘገበው "ባይክ" ብሎ ነው። ባይክ ሲጭን የፊት ጎማና የኋላ ጎማ የሚባሉ ሁለት ክፍሎችን በስማቸው ይፈልጋል። በመኪና ልክ የተሠራ ሞዴል ጎማዎቹን የሚይዘው በሌላ ስም ነው፦ ግራ ፊት፣ ቀኝ ፊት፣ ግራ ኋላ፣ ቀኝ ኋላ። ጌሙ የሚፈልገውን ስም ሲያጣ ባጃጁ መንገድ ላይ ብቅ ባለ ቅጽበት ሊዘጋ ይችላል። የባጃጁ ሞድ ሲወርድ ፋይሉ በየትኛው መኪና ስም እንደመጣ ተመልከቱ። ሠሪው ለዚያ መኪና ነው ያዘጋጀው፤ ስሙን እየቀየራችሁ ሌላ ዓይነት መኪና ላይ አትጫኑት።

የዚህ መንገድ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከተካችሁ በኋላ ነው። አዲሱ ፋይል ከድሮው ሲገዝፍ በነበረበት ቦታ ስለማይበቃ መጨረሻ ላይ ይለጠፋል፣ የድሮው ቦታ ባዶ ቀዳዳ ሆኖ ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ፋይሉ ያብጣል። ኤዲተሮቹ "ሪቢልድ" የሚል ትእዛዝ አላቸው፤ ሁሉንም እንደ አዲስ ይደረድረዋል። ለዚያ ቢያንስ 1 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ መብራት የሄደውም በዚህ መሐል ከሆነ የሚቀራችሁ ግማሹ የተጻፈ ፋይል ነው። ጌሙ ከዚያ በኋላ አይከፍትም፣ መጠገኛም የለውም። መፍትሔው ከመጀመራችሁ በፊት የተቀመጠ ኮፒ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለ ዩፒኤስ ሪቢልድ አታድርጉ፤ ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን።

ፋይሉ ውስጥ የእያንዳንዱ ስም ማስቀመጫ 24 ባይት ስለሆነ ከነቅጥያው ከ23 ፊደል የሚረዝም ስም አይገባም። የዊንዶውስ የፋይል ቅጥያ ማሳያም ተዘግቶ ከሆነ "ዲኤፍኤፍ ዲኤፍኤፍ" የሚል ድርብ ቅጥያ ያለው ፋይል ሳይታወቃችሁ ታስገቡና ጌሙ አያየውም። ቪው በሚለው ማውጫ ማሳያውን ክፈቱት።

ጥቅም የለውም ማለት አይደለም። የመኪና ቅርጽ ብቻ ስትተኩ የጌሙን ኮድ ስለማትነኩ ለ1.0 ብቻ አይወሰንም፤ በ2.0ም በስቲሙም ይሠራል። ተጨማሪ ፕሮግራምም አይሸከምም። ሁለት ሦስት መኪና ቀይሮ ለዘለቄታው መተው ለሚፈልግ፣ ኮፒ እስካስቀመጠ ድረስ፣ በቂ ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ ሴትአፕ ያለው ሞድ

ባጭሩ፣ አንመክረውም። ሴትአፑ የሚሠራው ያንኑ የእጅ ሥራ ነው፤ ልዩነቱ ምን እንደነካ አለማየታችሁ ነው። ማስወገጃ ቢኖረውም የሚመልሰው በራሱ ጊዜ ያገኘውን ፋይል ነው፤ ከእሱ በኋላ ሌላ ሞድ ጭናችሁ ከሆነ ያን ጨምሮ ይገለብጠዋል። ያልታወቀ ኤግዚ በአድሚኒስትሬተር ፈቃድ ማስኬድ ደግሞ ለመኪና ሲባል የሚደረግ ነገር አይደለም። ሌላ ምርጫ ከሌለ የጌሙ ኮፒ ላይ አስኪዱት፣ የተቀየሩትን ፋይሎች በቀናቸው ለዩና ወደ ሌላ መንገድ አዛውሯቸው።

ሦስተኛው መንገድ፦ ሞድ ሎደር

ሞድ ሎደር ዋናዎቹን ፋይሎች አይነካም። የጌሙ ፎልደር ውስጥ "ሞድሎደር" የሚባል ፎልደር ይኖራል፣ እያንዳንዱ ሞድ እዚያ ውስጥ የራሱ ፎልደር ይኖረዋል። ጌሙ ሲነሳ ከትልቁ ፋይል የሚያነበውን ሎደሩ መሐል ገብቶ "ይህን ከዚህ አንብብ" ይለዋል። ፎልደሩን ስታወጡት ሞዱ የለም። ከመብራት አንጻርም የሚጻፈው የሞዱ ፋይል ብቻ ስለሆነ መብራት ቢሄድ የሚጎዳው እሱ ነው፤ ደግማችሁ ኮፒ ታደርጋላችሁ።

አጫጫኑ ቅደም ተከተሉን ካልጠበቀ ይበላሻል።

1. ንጹሕ 1.0 ጌም፣ ሞድ ሳይነካው አንዴ ክፈቱ፤ አዲስ ጌም ጀምሩ፣ ሴቭ አድርጉ፣ ውጡ። እዚህ ካልሠራ ችግሩ የሞድ አይደለም።
2. የጌሙን ፎልደር ሙሉ ኮፒ ሌላ ቦታ አስቀምጡ። ያልተነካው ጌም 4.7 ጊጋባይት ገደማ ነው።
3. ኤኤስአይ ፋይሎችን የሚያስነሳውን ኤኤስአይ ሎደር ጫኑ። ሁለት ዓይነት አለ። የቆየው ቮርቢስፋይል የሚባለውን ዲኤልኤል ይተካና ዋናውን ቮርቢስሁክድ ብሎ ያስቀምጠዋል። ዋናው በዚያ ስም ካልተገኘ ጌሙ አይነሳም፤ ሰው የሚሳሳተው የድሮውን በአዲሱ ደርቦ አጥፍቶ ነው። ዲኢንፑት8 በሚል ስም የሚገባው የሚደርበው ፋይል ስለሌለ ስሕተቱን ያስቀራል። ሁለቱን ግን ባንድ ላይ አታስገቡ።
4. ሳይለንት ፓች የሚባለውን የጥገና ሞድ ጫኑ። በአዲስ ዊንዶውስ ላይ አላንቀሳቅስ የሚለውን ማውስ ጨምሮ ብዙ የድሮ ስሕተቶችን ያስተካክላል።
5. የሞድ ሎደሩን ኤኤስአይ ፋይልና ፎልደሩን በጌሙ ዋና ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ጌሙን ክፈቱ፤ ዝጉ። ከአሁን በኋላ ሞድ በአንድ ጊዜ አንድ።

አምስተኛው ላይ የሚቸኩል ብዙ ነው። አሥር ሞድ አንዴ ጥሎ ከመክፈት አንድ በአንድ መጫን የረዘመ ይመስላል፤ ሲቆጠር ግን ያጥራል።

ሁለት ሞድ አንድ ፋይል ሲነኩ ሎደሩ ሁለት ነገር ያደርጋል። እንደ ሃንድሊንግ ያሉ የዳታ ፋይሎችን በመስመር በመስመር ያዋሕዳቸዋል፤ አንዱ ሞድ የአንዷን መኪና መስመር፣ ሌላው የሌላዋን ቢቀይር ሁለቱም ይሠራሉ። በእጅ መንገድ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጠፋው ነበር። ሁለቱ አንድ ዓይነት ሞዴል ላይ ከተጣሉ ደግሞ ቅድሚያ ይታያል፤ ከ1 እስከ 100 ያለ ቁጥር ነው፣ ካልተነካ 50 ይሆናል፣ ትልቁ ያሸንፋል። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ሎደሩ ከሞዱ ጋር የሚመጣውን ሪድሚ የተባለ የመመሪያ ጽሑፍ ጭምር ማንበቡ ነው፤ በውስጡ የሃንድሊንግ መስመር ተጽፎ ካገኘ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ሪድሚውን "ቆሻሻ ነው" ብላችሁ አትጣሉት። በተቃራኒው መኪናዋ ያልጠበቃችሁት ባሕርይ ካመጣች መጀመሪያ የምታዩት እሱን ነው።

ድክመቶችም አሉት። ሞድ ሲበዛ፣ በተለይ በድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ጌሙ ለመነሳት ይዘገያል። አንዳንድ ኤኤስአይና ክሊዮ ስክሪፕቶች የራሳቸውን ማስተካከያ ፋይል የሚፈልጉት ዋናው ፎልደር ውስጥ ብቻ ነው፤ እነሱ ሞድሎደር ውስጥ ሲገቡ ዝም ይላሉ። ሪድሚው "ዋናው ፎልደር ውስጥ" ካለ እንደዚያው አድርጉ።

ስለ ክሊዮ አንድ ነገር። እሱ ሌላ መንገድ ሳይሆን ስክሪፕት የሚያስኬድ መደላድል ነው፤ ከእጅም ከሞድ ሎደርም ጋር አብሮ ይሄዳል። ስክሪፕት ጭናችሁ ምንም ካልተለወጠ ዘጠና በመቶ ሥፍራው ነው ለማለት ባንደፍርም መጀመሪያ የሚታየው ግን እሱ ነው፤ ዚፑ ሲፈታ "ክሊዮ" ውስጥ ሌላ "ክሊዮ" ይፈጠርና ፋይሉ አንድ ደረጃ ወደ ታች ይቀበራል።

አራተኛው መንገድ፦ ተሞልቶ የመጣ ኮፒ

ኮምፒውተር ቤት ወይም ከጓደኛ በፍላሽ የሚገኘው፣ መኪናውም መንገዱም ተቀይሮ ያለቀለት ጌም ነው። ዳታ አይበላም፣ ዋነኛ ማራኪነቱም ይህ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው ግን ሁሉ ዕዳ ነው። ኤግዚው የትኛው እንደሆነ፣ ስንት ሞድ እንዳለበት፣ ምን እንደተተካ የሚናገር የለም። አንዱ ሞድ ቢዘጋው የምታወጡት አታገኙም። የእናንተ የቆየ ሴቭም ላይከፍት ይችላል። የፈቃድ ጉዳይም አለ፤ የጌሙ ባለቤት ያልፈቀደው ኮፒ ነው።

ከፍላሽ ለማዛወር ስትሞክሩ የሚያጋጥሙ ሁለት ነገሮች አሉ። የታመቀው ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ ከሆነ በፋት32 የተፎረመተ ፍላሽ ላይ አይገባም፤ ፍላሹ 32 ጊጋባይት ባዶ ቦታ ቢኖረውም "ፋይሉ ትልቅ ነው" ይላል። ፍላሹን ወደ ኤክስፋት ፎርማት አድርጉት (በውስጡ ያለው ስለሚጠፋ መጀመሪያ አውጡ) ወይም ፋይሉን ከፋፍላችሁ አሽጉ። ሁለተኛው ሾርትከት ቫይረስ ነው፤ ፎልደሮቹ ቀስት ያለበት አቋራጭ ሆነው ከታዩ ደብል ክሊክ አታድርጉ፤ በአንቲቫይረስ አስፈትሹ።

ይህን መንገድ ከያዛችሁ አይቀር፣ ውስጡ ያሉትን ነጠላ ሞዶች ለመውሰድ ተጠቀሙበት፤ የተቀየሩትን ዲኤፍኤፍና ቲኤክስዲ ፋይሎች በአይኤምጂ ኤዲተር አውጥታችሁ ንጹሕ ጌም ላይ በሞድ ሎደር ጫኗቸው። ዳታ ሳይወጣ የሦስተኛው መንገድ ጥቅም ይገኛል።

በአንድ ዕይታ

| መመዘኛ | በእጅ | ሴትአፕ | ሞድ ሎደር | የተሞላ ኮፒ |
|---|---|---|---|---|
| መመለሻ | ኮፒ ካለ ብቻ | የማይታመን | ፎልደር ማውጣት | የለውም |
| ጥፋተኛውን መለየት | ከባድ | በጣም ከባድ | ቀላል፣ የሆነውን የሚመዘግብ ሎግ አለው | አይቻልም ማለት ይቀላል |
| መብራት ሲሄድ | ዋናው ፋይል ይበላሻል | ዋናው ፋይል ይበላሻል | ሞዱ ብቻ | ኮፒው ይቋረጣል፣ ዳግም ይጀመራል |
| ዳታ | ኤዲተርና ሞድ | የሞዱ ሴትአፕ | ሎደሩ ጥቂት ሜጋባይት፣ ከሞዱ ጋር | ምንም |
| ተጨማሪ ዲስክ | ለሪቢልድ 1 ጊጋባይት | እንደ ሞዱ | የሞዱን ያህል | የጌሙን ያህል ወይም በላይ |
| ከ1.0 ውጭ | ለቅርጽ ብቻ ይሆናል | እንደ ሞዱ | 1.0 ይመረጣል | ከነኤግዚው ይመጣል |

ለማን የቱ?

ብዙ ማሽን ያለው ጌም ቤት ሞድ ሎደር ይያዝ። አንዱ ማሽን ላይ ሠርታችሁ ካረጋገጣችሁ በኋላ ሌሎቹም 1.0 ሆነው ኤኤስአይ ሎደርና ሞድ ሎደር ከተጫነባቸው ሞድሎደር ፎልደሩን ብቻ ወደነሱ መገልበጥ ይበቃል። ልጆች አንዱን ማሽን ቢያበላሹት ፎልደሩን ከመጀመሪያው ማሽን መልሳችሁ ታመጣላችሁ። በእጅ የተሠራ ማሽን ግን ሲበላሽ ሙሉ ጌሙን ገልብጡ ይላል፤ ደንበኛ ወረፋ ይዞ ቆሞ ሳለ።

4 ጊጋባይት ራም ያለው የተማሪ ላፕቶፕ ላይም ሞድ ሎደር፤ ነገር ግን ሞዱን ምረጡ። ጌሙ ሲወጣ የጠየቀው ዝቅተኛ ራም 256 ሜጋባይት፣ ቪዲዮ ካርዱም 64 ሜጋባይት ነበር። ሕንፃዎቹን ሁሉ በትልልቅ ሥዕል የሚተካ ሞድ ያንን ልክ አፍርሶ ይሄዳል። ለአንድ መኪና ከ2 ሜጋባይት በታች የሆነ ቲኤክስዲ ፈልጉ።

ዳታ የሌለው ሰው የተሞላውን ኮፒ ከላይ እንዳልነው እንደ ማከማቻ ይጠቀምበት። የስቲሙ ቅጂ ኖሮት ወደ 1.0 መመለስ የማይፈልግ ደግሞ መኪና ብቻ በእጅ ይተካ፤ ስክሪፕቱን ይተወው። ሚሽን እስከ መጨረሻ መጨረስ የሚፈልግ ሰው ከጀመረ በኋላ ስክሪፕት አይጨምር፣ አያውጣ፤ ሴቩ ውስጥ የተመዘገበ ስክሪፕት ሲጠፋ ሴቩ ላይከፍት ይችላልና።

ሲበላሽ ከየት ይጀመራል?

መጀመሪያ የጠፋው ጌሙ ነው ወይስ ማሽኑ? ጌሙ ተዘግቶ ዊንዶውስ ከቀረ ሞድ ወይም ቅጂ ነው። ላፕቶፑ ራሱ ድርግም ካለ ሙቀት ወይም ባትሪ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዳ 1,850 ሜትር አካባቢ ናት። ደሴ ላይ ሲጫወት የዋለ አቧራ የጠጣ ላፕቶፕ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ቢጠፋ ሞዱን አትውቀሱት፤ ማራገቢያውን አስጠርጉ።

ደብል ክሊክ አድርጋችሁ ምንም ካልመጣ ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ጂቲኤ ኤስኤ ብቅ ብሎ ከጠፋ አንቲቫይረሱ አንዱን ኤኤስአይ ወይም ዲኤልኤል ወስዶት ይሆናል፤ የተያዙትን ዝርዝር እዩ። ካልሆነ ቪዡዋል ሲ++ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባለው፣ ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚፈልጉት የማይክሮሶፍት ጥቅል ጎድሎ ይሆናል። እዚህ ላይ የሚደጋገመው ስሕተት "ዊንዶውሴ 64 ቢት ነው" ብሎ ኤክስ64ን ብቻ መጫን ነው። ጌሙ 32 ቢት ስለሆነ የሚፈልገው ኤክስ86ን ነው።

"800 በ600 ቪዲዮ ሞድ አልተገኘም" የሚል መልእክት ከመጣ ዶክዩመንትስ ውስጥ ጂቲኤ ሳን አንድሪያስ ዩዘር ፋይልስ የሚባለውን ፎልደር ክፈቱና ጂቲኤ ኤስኤ ሴት የሚባለውን ፋይል ብቻ አጥፉ። የስክሪን ምርጫችሁ እንጂ ሴቫችሁ አይደለም፤ ጌሙ ራሱ አዲስ ይፈጥራል።

ጌሙ የመጫኛው መስመር ላይ ከተዘጋ የዳታ መስመር ስሕተት ነው፤ የሃንድሊንግ መስመር ውስጥ አንድ ቁጥር ቢጎድል ይበቃል። ከተጀመረ በኋላ አንድ ሠፈር ስትደርሱ ወይም አንድ መኪና ብቅ ስትል ከተዘጋ ሞዴሉ ነው። መኪናዋ ነጭ ሆና ከወጣች ቲኤክስዲው የለም ወይም ስሙ ከዲኤፍኤፉ አልገጠመም። መንገዱና ሕንፃው ብቅ ጥልቅ ካለ ጌሙ ለሞዴሎች የመደበው ሜሞሪ ሞልቷል፤ ኦፕን ሊሚት አድጀስተር የሚባለው ኤኤስአይ ጣሪያውን ከፍ ያደርገዋል፣ ከባድ ሞዶችን መቀነስ ግን የተሻለ መድኃኒት ነው። የጌሙ ዋና ገጸ ባሕርይ ሲጄ ሲዋኝ እንደ ድንጋይ ከከበደ ሞድ አይደለም፤ በሰከንድ የሚታዩትን ሥዕሎች (ፍሬሞች) ብዛት የሚገድበውን ፍሬም ሊሚተር አጥፍታችሁታል። ጌሙ የተሠራው በሰከንድ 30 ፍሬም ታስቦ ስለሆነ መልሱት።

ምክንያቱ ካልታወቀ ሞድሎደር ፎልደር ውስጥ ያለውን የሎግ ፋይል በኖትፓድ ክፈቱና ወደ መጨረሻው ውረዱ። ጌሙ ሲዘጋ በየትኛው ፋይል ውስጥ እንደነበረ የሚገልጽ መስመር ይኖራል። የተጠቀሰው የአንድ ኤኤስአይ ስም ከሆነ ተጠርጣሪው እሱ ነው። ጂቲኤ ኤስኤ ራሱ ከተጠቀሰ ከመስመሩ በላይ ያለውን፣ በመጨረሻ የተነበበውን ሞዴል ወይም ዳታ እዩ።

ሎጉም ካልነገራችሁ መክፈል ነው። 16 ሞድ ካለ ስምንቱን ከሞድሎደር ፎልደር አውጥታችሁ ሌላ ቦታ አስቀምጡ፤ ጌሙን ክፈቱ። ከተዘጋ ጥፋተኛው ከቀሩት ስምንቱ ውስጥ ነው፣ ካልተዘጋ ካወጣችኋቸው። በአራት ሙከራ አንዱ ላይ ትደርሳላችሁ። ለየብቻ ሁሉም ሠርቶ አብረው ሲሆኑ ብቻ ከተዘጋ ግጭት ነው፤ ያን ጊዜ ያገኛችሁትን አንዱን ትታችሁ የቀሩትን እንደገና ለሁለት እየከፈላችሁ ከእሱ ጋር ሞክሩ።

ይህን ሁሉ ከመጀመራችሁ በፊት ዩዘር ፋይልስ ፎልደሩን ፍላሽ ላይ ገልብጡ። የአንዱ ሴቭ ፋይል መጠን 202,752 ባይት ነው፤ ስምንቱም ቦታ ቢሞላ 2 ሜጋባይት አይደርስም።